ሁለት አዲስ ልግዛ ወይስ አራት ያገለገለ?

ደብዳቤው፦

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጎንደር አዘዞ ነው፤ ነርስ ነኝ። አባቴ ሲያርፍ የተወልኝ ኮሮላ ዲኤክስ አለኝ። ሆስፒታሉ ከተማ ስለሆነ በየቀኑ ዳገቱን እወጣለሁ፣ ማታ ተረኛ ስሆን በጨለማ እወርዳለሁ። በዓመት አንዴ ሁለቴ እናቴን ለማየት ወደ ቆላ፣ ገንዳ ውኃ እሄዳለሁ። ባለፈው ጎሚስታው የኋላ ጎማዎቼን አይቶ ‹እህት፣ በዚህ ክረምቱን አታልፊም› አለኝ። ያጠራቀምኩት ብር ሁለት አዲስ የሕንድ ወይም የቻይና ጎማ ይገዛል፤ ወይም አራት ያገለገለ የጃፓን ጎማ። ነጋዴው ‹የጃፓን ነው፣ ዓመቱም 17 ነው፣ ገና አዲስ በይው› ይለኛል። ወንድሜ ደግሞ አዲስ ከገዛሽ ፊት አስገጥሚ፣ መሪ ያለው ፊት ነው ይላል። ኋላ ሻንጣው ውስጥ አባቴ አንድ ቀን እንኳ ሳይጠቀምበት ያስቀመጠው መጠባበቂያ ጎማ፣ ስኮርታ አለ፤ ፀጉሩ ገና አልረገፈም። እሱንስ ላስገጥመው? ጎማዎቹ ላይ ያለውን ገልብጫለሁ። ፊት ሁለቱም 175/70 አር 13፣ 82 ቲ፣ መጨረሻው 1922፤ ጥርሱን በማስመሪያ ለካሁት፣ 5 ሚሊ ነው። ኋላ ሁለቱም 155 አር 13፣ መጨረሻው 1109፤ አንዱ ጎኑ ላይ እንደ እባጭ ወጥቶበታል። ስኮርታው 155 አር 13፣ መጨረሻው 348 ብቻ ነው። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦

እህቴ፣ ስለ ጎማ የሚጽፉልኝ አብዛኞቹ «መኪናዬ ዲኤክስ ነው፣ ምን ጎማ ልግዛ?» ብለው ያቆማሉ። አንቺ ተንበርክከሽ ቁጥሩን ገልብጠሽ ስለላክሽ የመልሱ ግማሽ ደብዳቤሽ ውስጥ አለ።

ቁርጡን ልንገርሽ። ሁለት አዲስ ግዢ፣ ኋላ አስገጥሚያቸው። የፊቶቹን ካሉበት አትነቅያቸው። አራቱን ያገለገሉ ለነጋዴው ተይለት። የአባትሽን ስኮርታ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ከጎማ አትቁጠሪው። ጎማዎቹ እስኪገጠሙ ድረስ መኪናዋ ግቢ ትቁም፤ ለጥቂት ቀን በባጃጅም በታክሲም ተመላለሽ። ይህን የምለው ስለ እባጩ ነው። የጎማ ጎን ያበጠው ውስጡ ያሉት ክሮች ስለተበጠሱ ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ ስትገቢ ወይም የኮብልስቶን ጠርዝ ስትገጪ የሚመጣ ጉዳት ነው። ንፋሱን ይዞ የቀረው ስስ ላስቲክ ብቻ ስለሆነ አይጠገንም። ነገ ይፈንዳ ከነገ ወዲያ ማንም አያውቅም፤ በሌሊት የአዘዞን ቁልቁለት ስትወርጂ እንዲሆን ግን አልፈልግም።

አሁን ወደ ነጋዴው። «17 ነው» ያለሽ ሊዋሽሽ ብሎ ላይሆን ይችላል፤ ራሱም እንደዚያ መስሎት ይሆናል። ጎማ ጎን ላይ ዲኦቲ ብሎ የሚጀምረው ረጅም ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ያሉት አራት ቁጥሮች ጎማው የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ የሚናገሩት ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 3517 የሚል ጎማ የተሠራው በ2017 በ35ኛው ሳምንት ነው፤ በእኛ ነሐሴ 2009 መሆኑ ነው። «17»ን አይቶ የእኛን 2017 ያሰበ ሰው ስምንት ዓመት ያረጀ ጎማ በአዲስ ሒሳብ ይገዛል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ከ37 በታች ከሆኑ ከዓመቱ ላይ 8 ቀንሺ፣ ከ37 ጀምሮ ከሆኑ ደግሞ 7፤ እንቁጣጣሽ የሚውለው በ37ኛው ሳምንት አካባቢ ስለሆነ ነው። በዚህ ሒሳብ የፊት ጎማዎችሽ የግንቦት 2014 ናቸው፤ ጥሩ ዕድሜ ላይ ናቸው። የኋላዎቹ የመጋቢት 2001 ናቸው፤ እነሱስ በቃቸው።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ ሙሉው ጽሑፍ ከነቀኑ በብዙ ጎማዎች ላይ የሚገኘው በአንዱ ጎን ብቻ ነው። በአንዱ ጎን አጥተሽው በሌላው ጎን ልታገኚው ስለምትችዪ ሻጩ «ቀን የለውም» ቢልሽ «ገልብጠውና አሳየኝ» በይው። በሁለቱም ጎን ተፍቆ ከጠፋ ተይው፤ ዕድሜውን የደበቀ ጎማ ወጣት አይሆንም።

የአባትሽ ስኮርታ ላይ ያለው 348 ከአራት ወደ ሦስት ቁጥር የወረደው ጽሑፉ ስለተቆረጠ አይደለም። እስከ 1999 መጨረሻ፣ አሁንም በፈረንጅ፣ ፋብሪካዎች ዓመቱን በአንድ ቁጥር ነበር የሚጽፉት። ስለዚህ 348 የ1998 ወይም የ1988 34ኛው ሳምንት ነው። ከቁጥሩ ኋላ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ካየሽ የ1990ዎቹ ነው ማለት ነው። በእኛ ነሐሴ 1990፣ ሳይሆን ከቀረ ደግሞ ነሐሴ 1980። ጎማ ባይነዳም ያረጃል። ላስቲኩን ለስላሳ የሚያደርጉትና ከኦዞን የሚጠብቁት ቅመሞች ከዓመት ዓመት እየተሟጠጡ ይሄዳሉ፤ አየሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅንም ላስቲኩን ያደርቀዋል፣ ከሽቦው ጋር ያለውንም ትስስር ያላላዋል። አንዳንድ የመኪና አምራቾች 6 ዓመት ሲሞላው ቀይሩ ይላሉ። ሚሽሊን ደግሞ 5 ዓመት ካገለገለ በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ ይታይ፣ ከተመረተ 10 ዓመት የሞላው ግን ጥርሱ ቢኖርም፣ ስኮርታም ቢሆን ይቀየር ይላል። ካሉሽ አምስት ጎማዎች እኔን በጣም የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው፤ የኋላዎቹ ክፋታቸው ፊታቸው ላይ ይታያል፣ ይሄኛው ግን ሲያዩት ያምራል። የአባትሽ መታሰቢያ ስለሆነ መጣል ከከበደሽ ግቢ ውስጥ አበባ ትከይበት። ብቻ ለሌላ ሰው መኪና እንዳትሸጪው፣ እንዳትሰጪውም።

ስለ ሒሳቡ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ብርሽን የምታድኚው እዚህ ላይ ነውና። በደብዳቤሽ ሁለት አዲስ ወይም አራት ያገለገለ ካልሽ ያገለገለው ዋጋ የአዲሱ ግማሽ ነው ማለት ነው። አዲስ የቤት መኪና ጎማ ጥርሱ ወደ 8 ሚሊ ሜትር ጥልቀት አለው። በብዙ አገር ሕግ የመጨረሻው ወለል 1.6 ሚሊ ነው፤ ጥርሱ መሐል ቦዩ ውስጥ ጉብ ጉብ ያሉት ትንንሽ ድልድዮችም የተሠሩት እዚያ ከፍታ ላይ ነው፣ ጥርሱ ከእነሱ እኩል ከሆነ ጎማው አልቋል። በደረቅ አስፋልት እስከዚያ መሄድ ይቻል ይሆናል። ዝናብ ላይ ግን ከ3 ሚሊ በታች የወረደ ጥርስ ውኃውን ከሥሩ ማስወጣት ስለሚያቅተው ፍሬን ስትይዢ መኪናው ርቆ ነው የሚቆመው። ከሰኔ እስከ መስከረም ጎንደር ላይ ለሚነዳ ሰው ወለሉ 3 ነው ብለሽ ያዢው። እንግዲህ ከአዲሱ ጎማ የምትገዢው ከ8 እስከ 3 ያለውን 5 ሚሊ ነው። ነጋዴው ጋ ያሉት በማስመሪያ ስትለኪያቸው 4 ተኩል ቢሆኑ የምትገዢው 1 ሚሊ ተኩል ብቻ ነው። ግማሽ ዋጋ ከፍለሽ ከዕድሜው ሲሶውን እንኳ አታገኚም። ቶሎ ስለሚያልቅ ደግሞ የማስገጠሚያና የባላንስ ሒሳብ ደግመሽ ትከፍያለሽ። ላዩ ላይ የታላቅ ፋብሪካ ስም ቢኖርም የምትገዢው የቀረውን ጥርስና የቀረውን ዕድሜ ነው፤ ስሙን የበላው የመጀመሪያው ባለቤት ነው።

ወንድምሽን ልመልስለት። «መሪ ያለው ፊት ነው» የሚለው ነገር ብዙ ሹፌር የሚያምንበት ነው፣ የሚፈራውም የፊት ጎማ ሲፈነዳ መሪ የሚነጥቀውን ነገር ነው። ፍርሃቱ ትክክል ነው፤ መድኃኒቱ ግን አዲስ ጎማ ፊት ማድረግ ሳይሆን ፊትም ኋላም ያረጀ ጎማ አለመኖሩ ነው። የአንቺ የፊት ጎማዎች ዕድሜም ጥርስም አላቸው። አሁን ዝናብ ያለበትን ቁልቁለት አስቢው። የፊት ጎማ መሬት ሲለቅ መሪው እጅሽ ላይ ይቀላል፣ መኪናው ቀጥ ብሎ ልሂድ ይላል፤ እግርሽን ከነዳጅ ታነሺያለሽ፣ ፍጥነቱ ሲወርድ ጎማው ተመልሶ ይይዛል። የኋላው ሲለቅ ግን ቂጡ ዞሮ ይቀድምሻል፤ ያንን መመለስ የሚችል ሹፌር ጥቂት ነው፣ ጊዜም አይሰጥም። የአንቺ ዲኤክስ ደግሞ የሚገፋው በኋላ ጎማ ስለሆነ ነዳጅ በረገጥሽ ቁጥር ሥራ የሚበዛበት ኋላ ነው። ጎማ አምራቾችም ሁለት ብቻ ሲቀየር አዲሶቹ ኋላ ይሁኑ የሚሉት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ፊት ለሚስቡት ለእነ ቪትዝም ቢሆን ምክራቸው ያው ነው። ጎሚስታውም ላይስማማ ይችላል። አትከራከሪው፣ «ኋላ አድርግልኝ» ብቻ በይው።

መጠኑን በተመለከተ 155 አር 13ን ፍለጋ አትድከሚ። 175/70 አር 13 ግዢ፤ ፊት ካሉት ጋር አንድ ይሆናል፣ ቁመቱም ከአሮጌው ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። 155 አር 13 ዙሪያውን ጠቅሎ ቁመቱ ወደ 578 ሚሊ ሜትር ነው፣ 175/70 አር 13 ደግሞ 575። ፍጥነት ቆጣሪሽ አይዋሽም፣ ጎማውም ክንፍ አይነካም። 82 የሚለው አንዱ ጎማ 475 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው፣ ቲ ደግሞ እስከ 190 ኪሎ ሜትር በሰዓት፤ ለዲኤክስ ከበቂ በላይ ነው። መሐል ያለው አር ራዲያል ማለት ነው፣ የውስጥ ክሮቹ አዘረጋግ ስም ነው፤ አራቱም ራዲያል መሆናቸውን ብቻ አረጋግጪ። «13 ጠፍቷል፣ ከነቸርኬው 185/70 አር 14 ላድርግልሽ፣ መኪናሽም ከፍ ይላል» የሚል አይጠፋም፤ ቸርኬ ጎማው የሚገጠምበት ብረት ነው። ከፍ የሚለው ከ18 እስከ 20 ሚሊ ነው። በለውጡ ፍጥነት ቆጣሪሽ 60 ሲል አንቺ ወደ 64 ትሄጃለሽ፣ መሪ ጥግ ድረስ ስታዞሪ ጎማው ሊፈትግ ይችላል፣ ዳገት ላይ ደግሞ ያቺ ትንሽ ሞተር ይከብዳታል።

ከየትኛው አገር ይሁን ለሚለው ብዙ ቀለም አልጨርስም። ከሕንዶቹ አፖሎም ኤምአርኤፍም፣ ከቻይናዎቹ ሊንግሎንግም ትራያንግልም የታወቁ ፋብሪካዎች ናቸው፤ ስሙን ሰምተሽው የማታውቂውን ግን በጥቂት ብር ልዩነት አትግዢ። ጎኑ ላይ ትራክሽን የሚል ካለ ኤ ይሁን፤ እርጥብ መሬት ላይ የመያዝ ደረጃው ነው፣ ሲ ከሆነ ተይው። ቴምፕሬቸር የሚለው ሙቀት መቋቋሚያው ነው፣ ቆላ ስለምትወርጂ ቢያንስ ቢ ይሁን። ትሬድዌር የሚለው ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ቶሎ አያልቅም ይባላል፤ ነገር ግን ቁጥሩን የሚሰጠው ራሱ ፋብሪካው ስለሆነ የአንዱን ከሌላው ጋር ስታወዳድሪ በጣም አትመኚው። ከእነዚህ ሁሉ በፊት ቀኑን አንብቢ። አዲስ ጎማም ሱቅ በር ላይ ፀሐይ ሲመታው ዓመታት የከረመ ሊሆን ይችላል፤ ሁለት ዓመት ካለፈው ሌላ አውጣልኝ በይ፣ ሌላ ከሌለው ዋጋ አስቀንሺ።

አንድ ያገለገለ ጎማ ግን እፈቅድልሻለሁ፤ ለስኮርታ። ስኮርታ ሥራው ቀስ ብለሽ ጎሚስታ ጋ እንድትደርሺ ነው። ዕድሜው ከ6 ዓመት የማይበልጥ፣ ጥርሱ ከ3 ሚሊ የማያንስ ይሁን። ከቸርኬ ውጭ ሆኖ ነው የምትገዢው፣ የተገጠመ አትግዢ፤ ውስጡን ማየት አለብሽና። የስልክሽን መብራት አብሪና እጅሽን ውስጡ ከተሽ የጎኑን ግድግዳ ዙሪያውን በጣትሽ ዳብሺ። ጣትሽ ላይ ጥቁር የላስቲክ ዱቄት ከወጣ ወይም ዙሪያውን የተፈተገ ቀለበት ከዳሰሽ ያ ጎማ ንፋስ ሳይኖረው የተነዳ ነው፤ ውጭው ቢያብለጨልጭም ጎኑ ሞቷል። ጎኑ ላይ ከውስጥ የተለጠፈ ፓች ካለም ተይው፤ ፓች ተቀባይነት ያለው መሬት በሚነካው ክፍል ላይ ብቻ ነው። ከዚያ ሁለት ጥርስ በአውራ ጣቶችሽ ፈልቅቀሽ ሥሩን እዪ፣ ጥቁር ፖሊሽ ጎኑን ቢሸፍነውም የጥርሱን ሥር ስንጥቅ አይሸፍነውም። ያለቀ ጎማ ላይ በጋለ ብረት ጥርስ የሚያወጡም አሉ፤ ቦዩ ወጥ ካልሆነና ጉብ ጉብ ያሉት ድልድዮች ከጠፉ እሱ ነው፤ ከሥሩ ሽቦ ብቻ ነው የቀረው።

ሲገጠም የምትሰሚው ሌላው ነገር «ቸርኬው ዝጓል፣ ከመነዳሪ እንክተትበት» ነው፤ ከመነዳሪ ጎማው ውስጥ የሚገባው የንፋስ ላስቲክ ነው። የአንቺ ጎማ ቲዩብለስ፣ ማለትም ያለ ከመነዳሪ ንፋስ የሚይዝ ከሆነ እሺ አትበዪ። ውስጡ ከመነዳሪ ያለው ቲዩብለስ ጎማ ይሞቃል፣ ሚስማር ሲገባበትም ቀስ ብሎ ከመተንፈስ ይልቅ ባንዴ ሊወርድ ይችላል። የቸርኬውን ጠርዝ በሽቦ ብሩሽ አስፍቂ፣ የተጣመመ ካለ አስቃኚ፣ የንፋስ መሙያውን ቫልቭ በአዲስ አስቀይሪ፤ ቫልቭ ርካሽ ነው። እግረ መንገድሽን የፊት ጎማዎቹን የውስጥና የውጭ ጠርዝ በመዳፍሽ አወዳድሪ፤ የውስጡ በይበልጥ ካለቀ አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል ይፈልጋል፣ የመሪ መገጣጠሚያዎቹም ላልተው ይሆናል። እሱን ሳታሠሪ የፊቶቹን ብትቀይሪ ብር መጣል ነው።

ንፋሱን ጠዋት፣ መኪናው ሳይነዳ አስለኪ። ጎማው ጎን ላይ 44 ወይም 51 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) የሚል ካየሽ ያ የመጨረሻው ጣሪያ ነው፣ የመኪናሽ ልክ አይደለም። ልኩ በበሩ ምሰሶ ላይ ወይም በመመሪያው መጽሐፍ ውስጥ ነበር፤ ጠፍቶ ከሆነ ለዚያች ቀላል መኪና ከ28 እስከ 32 ብትይዢ አትሳሳቺም። ገንዳ ውኃ ስትሄጂ ደግሞ አይከልን አልፈሽ ሙቀቱ ሲጀምር «ጎማው ሞቋል፣ ትንሽ እናስተንፍሰው» የሚል ሰው ይገጥምሻል። እንዳታስነኪው። ሙቀቱ በጎማው ውስጥ ያለውን ግፊት ሁለት ፒኤስአይ ያህል ይጨምራል፣ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከጎንደር ደጋ ወደ ቆላ ከ1,300 ሜትር በላይ ስትወርጂ የውጭው አየር ራሱ ስለሚከብድ መለኪያው ላይ የሚታየው በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ አንዱ ሌላውን ያጣፋዋል። ትኩስ ጎማ ያስተነፈሰ ሰው ጎኑ በይበልጥ እንዲታጠፍ ያደርገዋል፣ በታጠፈ ቁጥር ይግላል፣ ቆላ ላይ የሚፈነዳው ጎማ አብዛኛውን ጊዜ ንፋሱ ያነሰው ነው።

የፊቶቹ ተራ 3 ሚሊ ሲደርሱ ነው፤ እስከዚያ ሆስፒታል ውስጥ ዕቁብ ካላችሁ አንዱን ዕጣ ለእነሱ አስቢለት። ያን ጊዜም አዲሶቹን ኋላ አስገጥሚ፣ ትንሽ ያለቁትን የኋላዎቹን ወደ ፊት አምጪያቸው፤ ጥርሱ የሚሻለው ኋላ ይሁን።

አዲስ ጎማ ከፋብሪካ ሲወጣ ላዩ ላይ የሚያንሸራትት ነገር ስለሚኖር የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች አዘዞና ከተማ እየተመላለስሽ በቀስታ ግሪው፤ ገንዳ ውኃ ከዚያ በኋላ ይሁን። ብሎኖቹንም ከ100 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ ደግመሽ አስጠብቂ።